ፊትና ስም፤ የሰው ፎቶግራፍ ታሪክ ከጎጃም ደጋ ሲታይ

በጎጃም ደጋ፣ ከደምበጫ እስከ ሞጣ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ቢቸና በተዘረጋው አገር፣ ሰው ሲሞት ፎቶግራፉ ከግድግዳ ላይ ይወርዳል። ከዘመዶቹ አንዷ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛው ወደ ለቅሶው ትወጣለች፤ አልቃሽዋም ሙሾዋን የምታወርደው ወደ እርሱ እየተመለከተች ነው። ቀድሞ በዚህ ቦታ የሚወጡት የሟቹ ልብስ፣ ጠመንጃው፣ ጋሻውና በቅሎው ነበሩ። ፎቶግራፍ ወደ ደጋው ገበሬ ቤት ዘግይቶ የደረሰ የባዕድ ዕቃ ቢሆንም፣ በለቅሶ ሥርዐት ውስጥ ከነዚህ የከበሩ ዕቃዎች ተርታ ገብቶ ቦታውን ይዟል። ፎቶግራፍ ሳይነሣ የሞተ ሰው ሲኖርም ለቀስተኛው ይህንኑ እንደ ሌላ ጉዳት ቆጥሮ ያዝንለታል።

በዚያ ቤት በተሰቀለው ፎቶግራፍ ሥር ስም አይጻፍም። ማን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው ወደ ቤቱ አይገባምና አስፈላጊ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ፎቶግራፉ ከቤቱ ሲወጣ፣ ወደ መጽሐፍ፣ ወደ ኤግዚቢሽን አዳራሽ ወይም ወደ ሙዚየም ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ፊቱ ይጓዛል፤ ስሙ ወደ ኋላ ይቀራል። በኢትዮጵያ ውስጥ የሰው ፎቶግራፍ ያለፈበት ታሪክ ከሞላ ጎደል የዚህ መለያየት ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ማለት ግን የደጋው ሰው ከፎቶግራፍ በፊት የሰውን ምስል አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተደፍቶ ወይም እጁን ዘርግቶ የሚታየው ሰው ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ወይም መኰንን ነው። ሠዓሊው የዚህን ሰው ፊት ከሌላው ፊት ለይቶ ለመሣል እምብዛም አይጨነቅም፤ ዐይን ሁሉ ትልቅ ነው፤ ጺምም ቢሆን በአንድ ንድፍ ይሠራል። ሰውየውን የሚለየው ጽሕፈቱ ነው። «ዘከመ ተማኅፀነ» ብሎ ጀምሮ ስሙን፣ ብዙ ጊዜም ማዕርጉን ይጽፍለታል። የቅዱሳኑና የመላእክቱም ስም ከራሳቸው በላይ ወይም ከጎናቸው ይሰፍራል። በዚህ ሥርዐት ስም ያልተጻፈበት ምስል ያላለቀ ምስል ነው። ፎቶግራፍ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። መሣሪያው ፊትን ያለ ስሕተት ቀዳ፤ ስምን ግን መቅዳት አልቻለም። ስሙን መጻፍ የባለካሜራው ፈቃድና ትጋት ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

በኢትዮጵያ ምድር ካሜራ ከሠራዊት ጋር የገባው በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ ነው። ከጦሩ ጋር የመሐንዲስ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ፤ አምባውን፣ ሰፈሩንና ከእስር የተፈቱትን አውሮፓውያን አነሡ። ይሁን እንጂ ዘመቻው የተደረገባቸው ዐፄ ቴዎድሮስ የታወቀ ፎቶግራፍ የላቸውም። ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆልምስ የሬሳቸውን ፊት በእጁ ሣለ። ስለሆነም ዓለም የሚያውቃቸው በሥዕል ነው፤ ሥዕሉም የሟች ሥዕል ነው።

የልጃቸው ዕጣ ከዚህ የተለየ ሆነ። የሰባት ዓመቱ ደጃዝማች ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር እንደ ተወሰደ፣ በዚያው ዓመት ክረምት፣ ዋይት በምትባለው ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ከካሜራዋ ፊት አቀረበችው። ካሜሮን በዘመኑ ከነበሩት የሰው ፎቶግራፍ አንሺዎች ሁሉ ከፍ ያለ ስም ያላት ሴት ናት። የሷ ሙያ ፊት ነበር፤ ፊትን ከቅርብ ማየት፣ ብርሃንን ከአንድ ወገን አሳልፎ ሌላውን በጥላ መተው። ዓለማየሁንም ብቻውንና ከጠባቂው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር አድርጋ አነሣችው። ከዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው የፎቶግራፎቹ ርእስ ነው። ልጁን በአገሩ ማዕርግ «ደጃች» ብላ ከነስሙ ጻፈችው፤ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ መሆኑንም ጨመረች፤ ስፒዲንም ኢትዮጵያውያን ባወጡለት ስም ባሻ ፈለቀ ብላ ጠራችው። የኢትዮጵያን መሬት ያልረገጠች ሴት አገሩን ካዩት ከብዙዎቹ ይልቅ ስም አክባሪ ሆና መገኘቷ የሚገርም ነው። እርግጥ የተነሣው የንጉሥ ልጅ ባይሆን ኖሮ ስሙ ይጻፍ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ዓለማየሁ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐረፈ፤ የተቀበረውም በዊንዘር ነው። ፊቱም ስሙም ሳይጠፉ አገሩን ያጣ ልጅ ሆኖ በፎቶግራፉ ውስጥ ይኖራል።

ካሜራ ከዚያ ወዲህ ማዕርግን እየተከተለ ሄደ። በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የንጉሡ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሥራውን ወረሱ፤ የአንድ ቤተሰብ ካሜራ ከምኒልክ ዘመን እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቀ። የጎጃም ገዢዎችም ከዚህ ዓለም ውጭ አልነበሩም። ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ፤ በመንቆረር የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩም ከተማይቱ ደብረ ማርቆስ ተባለች። ልጃቸው ራስ ኃይሉ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር አውሮፓን ሲጎበኙ ከደጋው መኳንንት ሁሉ በላይ በውጭ አገር ካሜራ ፊት የቆሙ ሰው ሆኑ። በየከተማው በተነሣው የልዑካን ፎቶግራፍ ውስጥ ከአልጋ ወራሹና ከራስ ሥዩም መንገሻ ጋር ይታያሉ። አውሮፓ የጎጃምን ፊት ያወቀችው በራስ ኃይሉ ነው ማለት ይቻላል፤ ራስ ኃይሉን በግብር ጫና የሚያማርረው የጎጃም ገበሬ ግን በዚያ ፎቶግራፍ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ቺዝማን አገሩን በበቅሎ ዞሮ፣ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ፎቶግራፍ ያለበት መጽሐፍ አሳተመ። ለመልክዐ ምድር ጥናት ትልቅ ዋጋ ያለው ሥራ ነው። ዋናው ጉዳዩ ግን ወንዙና ሐይቁ ነበርና ለሰው ፎቶግራፍ ታሪክ የሚሰጠው ጥቂት ነው።

የጎጃም ምድር በዓለም ፊት በካሜራ የታየበት ታላቁ ጊዜ 1933 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 12 ቀን የሱዳንን ወሰን ተሻግረው ከገቡ በኋላ በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ኃይል የሚባለው ትንሽ ጦርና የጎጃም አርበኞች የጠላትን ምሽጎች ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ በተከታታይ አስለቀቁ። በእንግሊዝ ኢምፔሪያል የጦርነት ሙዚየም ከሚገኙት የዚህ ዘመቻ ፎቶግራፎች አንዱ በደምበጫ ምሽግ የተነሣው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመካከል ይታያሉ፤ በአንድ ወገን ብርጋዴር ሳንፎርድ፣ በሌላው ወገን ኮሎኔል ዊንጌት ቆመዋል። መግለጫው የሦስቱንም ስምና ማዕርግ፣ ማን በግራ ማን በቀኝ እንደ ቆመ ሳይቀር ያመለክታል። ምሽጉ ከጠላት እንደ ተያዘም ይናገራል።

በዚህ ፎቶግራፍ ላይ ሁለት ነገር ያጠራጥራል። አንደኛው ቀኑ ነው። የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1941፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ደምበጫ ግን ከአንድ ወር በላይ አስቀድሞ ተይዞ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን ነው። ስለዚህ የተጻፈው ቀን ፎቶግራፉ የተነሣበት ሳይሆን በወታደራዊው መዝገብ የገባበት ቀን መሆኑ ይበልጥ ያስኬዳል። ሁለተኛውና ዋናው የመግለጫው ዝምታ ነው። ምሽጉ «ተያዘ» ይላል፤ ማን እንደ ያዘው አይልም። ለአምስት ዓመት በየዱሩ ጠላትን ሲያዋክቡ የኖሩት የጎጃም አርበኞች ስም ከዚያ ላይ የለም። መግለጫው ስለሦስቱ ሰዎች የሚናገረው እውነት ነው፤ ስለ ቦታው የሚናገረው ግን ግማሽ እውነት ነው።

ከዚሁ ዘመቻ ጋር ወደ ጎጃም የገባ አንድ መኰንን ነበር፤ በኋላ ከዘመኑ ታላላቅ የሰው ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዱ ሆኖ የተቆጠረው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። ቴሲጀር የተወለደው አባቱ የእንግሊዝ መንግሥት ሚኒስትር በነበሩበት በአዲስ አበባ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 እና በ1934 የአፋርን በረሃ አቋርጧል። በጎጃም የተሰጠው ግዳጅ ግን ፎቶግራፍ ማንሣት አልነበረም። ከደብረ ማርቆስ የሸሸው የጣልያን ጦር ዓባይን እንዳይሻገር መንገዱን እንዲዘጉ ለማድረግ ወደ በላይ ዘለቀ ተላከ። ነገሩ አልሆነም፤ ጦሩ በሰፈርታክ ተሻገረ። ለዚህ ምክንያቱ ራስ ኃይሉ ለበላይ የገቡት የጋብቻ ተስፋ ነው እየተባለ ሲነገር ቆይቷል። ቴሲጀር ግን ዓባይን ተሻግሮ የተከታተለው ጦር አባል ሆኖ በአጊባር እጁን ሲሰጥ ለማየት በቅቷል።

በላይ ዘለቀ ራሱ በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ የተገላቢጦሽ ምሳሌ ነው። ጎፈሬውን አጎፍሮ፣ ጺሙን አሳድጎ የሚታይበት ምስል በጎጃም ምድር ከማንኛውም የአርበኛ ምስል ይልቅ ይታወቃል፤ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ በመጻሕፍት ሽፋን ላይ ይወጣል። በጥር 1937 ዓ.ም. በስቅላት ከሞተ በኋላ ስሙ በዘፈንና በቀረርቶ፣ ፊቱ በዚያ ምስል ኖረ። የአንሺው ስም ግን ከግልባጮቹ ጋር ሲዞር አይታይም። ጎጃም የራሱን ጀግና ፊት ሲያከብር የካሜራውን ባለቤት ረስቶታል፤ ይህም በደል ባይባል እንኳ ከደምበጫው መግለጫ ጋር ሲነጻጸር ሚዛኑ ወደ ሌላ ወገን ያዘነበለ ዝምታ ነው።

ወደ ቴሲጀር እንመለስና፣ ይህ ሰው ካነሣቸው ሥዕሎች የሚበልጡት የሰው ፊቶች ናቸው። ካሜራው ላይካ ነበረች፤ በቀለም ፊልም መሥራት አይወድም፤ ጥቁርና ነጭ ይበቃዋል። የሚያነሣው ሰው ብዙ ጊዜ ከሰማይ ጋር ብቻውን የቆመ ይመስላል። በዕድሜው ማምሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ከፎቶግራፎቹ የተመረጡትን በመጽሐፍ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሞት 38,000 ያህል ኔጋቲቭና 71 አልበሞች ትቶ ነበርና ሁሉም በኦክስፎርድ ወደ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ገባ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተወለደበትን መቶኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ሙዚየሙ የአፍሪካ ሥራዎቹን በኤግዚቢሽን አሳየ፤ መጽሐፍም አብሮ ወጣ። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በጎጃም ተዋግቶ፣ የሰውን ፊት በመጽሐፍና በኤግዚቢሽን ለዓለም ያካፈለ ሰው ማለት ይህ ነው።

በሥራው ውስጥ ግን ስም አንድ ወጥ ሆኖ አይገኝም። በአረቢያ በረሃ ለዓመታት አብረውት የተጓዙት ቢን ካቢናና ቢን ጋባይሻ በስማቸው ይታወቃሉ፤ ዓለም ፊታቸውን ከነታሪካቸው ያውቃል። በአንድ ቀን መንገድ ላይ የተገናኛቸው ብዙዎቹ ግን በነገዳቸውና በአገራቸው ብቻ ይጠራሉ። ከዚህ ላይ ቴሲጀርን በንቀት መክሰስ ቀላል ቢሆንም ትክክል አይመስልም። ስም የሚገኘው አብሮ ከመብላትና አብሮ ከመክረም ነው። ፊት ግን በአንድ ሴኮንድ ክፍልፋይ ይገኛል። የፎቶግራፍ አንሺ ሙያ ችግር በዚህ በሁለቱ ጊዜ ልዩነት ውስጥ ይገኛል፤ ከውጭ አገር በመጣውም ሆነ በአገሬው ተወላጅ ላይ ያው ነው።

ፎቶግራፍ ከመኳንንቱና ከጦርነቱ ወጥቶ ወደ ተራው ሰው የደረሰው በፎቶ ቤት በኩል ነው። በደብረ ማርቆስም እንደ ሌሎቹ የጠቅላይ ግዛት ከተሞች፣ በመንገድ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል፣ አበባ ወይም ሐይቅ በተሣለበት መጋረጃ ፊት ሰው ቁሞ ይነሣ ነበር። በግድግዳው ላይ መስታወትና ማበጠሪያ ይንጠለጠላል፤ ኮት የሌለው ከባለቤቱ ኮት፣ ክራቫት የሌለው ክራቫት ይዋሳል። በገበያ ቀን ከገጠር የመጣው ሰው ነጠላውን አስተካክሎ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ዐይኑን ሳይሰብር ይቆማል። ፊልሙ እስኪታጠብ ድረስ ቀን ይቀጠርለታል። ተማሪ ለፈተና፣ ሠራተኛ ለቅጥር ጉርድ ፎቶግራፍ ያስፈልገዋልና የፎቶ ቤቱ የዕለት እንጀራ ከጉርዱ ይገኛል፤ ሙሉ ቁመት የሚነሣው ለሠርግ፣ ለምርቃትና ለጓደኛ ማስታወሻ ነው።

ጉርዱ የመንግሥት መዝገብ ልጅ መሆኑም መታወስ አለበት። የጎጃም ገበሬ በመዝገብ መግባትን በቀላሉ የሚቀበል አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን በመቃወም ሲነሣ ከቁጣው መነሻዎች አንዱ መሬቴ ተለክቶና ተመዝግቦ ርስቴ ይናጋል የሚል ሥጋት ነበር። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ቀበሌ ሲቋቋምና መታወቂያ ሲሰጥ ግን ጉርድ ፎቶግራፍ በየኪሱ ገባ። ብዙ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ካሜራ ፊት የተቀመጠው ለመታወቂያ ነው። ኋላ ለለቅሶ የሚወጣውም ምስል፣ ትልቅ ተደርጎ የታተመው፣ ብዙ ጊዜ ይኸው ጉርድ ነው። ለመዝገብ ቤት ጸሐፊ የተነሣው ፊት በሙሾ ይሸኛል።

የሙሉ ቁመቱ ፎቶግራፍ ደግሞ ሌላ ልማድ አመጣ። በጀርባው ላይ በብዕር «ለመታሰቢያ» ተብሎ ይጻፍበታል፤ የሰጪው ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ ቀኑና ከተማው ይከተላሉ። ጽሕፈቱ ያማረ ሲሆን ግጥምም ይጨመርበታል። የቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ በሥዕሉ ፊት ላይ ይጽፈው የነበረውን ስም ተራው ሰው በፎቶግራፉ ጀርባ ጻፈው። ቦታው ተለወጠ እንጂ ሥርዐቱ አልሞተም።

ይህን ሁሉ ምስል ሰብስቦ በመጽሐፍ የማውጣቱ ሥራ ዘግይቶ የመጣ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 በኢትዮጵያ የተነሡትን ታሪካዊ ፎቶግራፎች ሰብስቦ ለአንባቢ አቀረበ። የመጽሐፉ ትልቁ ውለታ ሥዕሎቹን ማሳየቱ ብቻ ሳይሆን ማን አነሣ፣ ማን ተነሣ ብሎ መጠየቁ ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴና ከዚያም በደርግ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው ሽመልስ ደስታም ኔጋቲቮቹን ጠብቆ አቆይቶ ሥራው በለንደን ለሕዝብ ታየ። በአይዳ ሙሉነህ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው የአዲስ ፎቶ ፌስት ደግሞ የኢትዮጵያን ፎቶግራፍ አንሺዎች ከሌላው ዓለም አንሺዎች ጋር በአንድ አዳራሽ አገናኘ።

ከነዚህ ሁሉ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው የሚካኤል ፀጋዬ ሥራ ነው። ሚካኤል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ያጠና ሲሆን፣ የቅባት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ፎቶግራፍ ዞረ። ከሥራዎቹ አንዱ በአማርኛ «የነፍስ ገደላት» ሊባል የሚችል ርእስ የተሰጠው ነው፤ በአዲስ አበባ መካነ መቃብር ላይ ከየሐውልቱ የተለጠፉትን የሟቾች ፎቶግራፎች መልሶ ያነሣበት ነው። ፀሐይና ዝናብ ምስሎቹን በልቷቸዋል። የአንዱ አፍ ጠፍቶ ግንባሩ ቀርቷል፤ የሌላው ፊት ተሰነጣጥቆ እንደ ደረቀ ጭቃ ሆኗል። ቤተሰብ ለዘላለም ይቆይ ብሎ በድንጋይ ላይ ያስቀመጠው ፊት ከድንጋዩ ቀድሞ አረጀ። ከሐውልቱ ላይ የተቀረጸ ስም ሊነበብ ሲችል ፊቱ ግን ሊታወቅ የማይችልበት ጊዜ አለ፤ በሙዚየም የሚታየው ነገር እዚህ ላይ ተገለበጠ።

እ.ኤ.አ. በ2018 በአዲስ አበባ ከቤተሰብ አልበሞች ተለቅመው የታተሙት የድሮ ፎቶግራፎች መጽሐፍም ሌላ መንገድ አሳይቷል። ሰብሳቢዎቹ ወደ ሙዚየም ሳይሆን ወደ ሰው ቤት ሄዱ፤ ሥዕሉን ከባለቤቱ እጅ ተቀበሉ፤ ባለቤቱም ተቀምጦ ማን ማን እንደ ሆነ ነገራቸው። በጎጃም ደጋ እንዲህ ዓይነት ሥራ ቢጀመር ጥሬ ዕቃው አይታጣም። በየሣጥኑ፣ በየመጽሐፍ ቅዱሱ ገጽ መካከል፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አስቸጋሪው ኤግዚቢሽኑ ይሆናል። ፎቶግራፍ በመስታወት ገብቶ ሲሰቀል ጀርባው ወደ ግድግዳ ይዞራል፤ «ለመታሰቢያ» የሚለው ጽሕፈት፣ ሁለቱ ስሞች፣ ቀኑና «ደብረ ማርቆስ» የሚለውም ያለው በዚያ በኩል ነው።